ሜምብሬንና በረኪና

የጽዳት ነገር ሲነሳ እጃችን የሚሮጠው ወደ በረኪና ነው፤ ለመጸዳጃ ቤቱም፣ ለወለሉም፣ ለነጭ ጨርቁም። እኔም ማስተማር በጀመርኩበት ሰሞን የአንድ ትንሽ አርኦ (ሪቨርስ ኦስሞሲስ) የውሃ ማጣሪያ ማሽን ውሃ ቢሸተኝ በረኪና በጥብጬ አዞርኩበት። ሽታው ወዲያው ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ ግን ማሽኑ ጨዉን ከነውሃው ያሳልፍ ጀመር። ሜምብሬኑ ተጣለ።

ማሽኑ ምን ያደርጋል?

ለሰላጣ ቲማቲም ከትፋችሁ ጨው ብትነሰንሱበት፣ ከደቂቃዎች በኋላ ሳህኑ ውሃ ይይዛል። ውሃው የቲማቲሙን ስስ ሽፋን አልፎ ጨው ወደበዛበት ወገን ወጥቷል፤ ኦስሞሲስ ይኸው ነው። አርኦ ማሽን ይህን ጉዞ በፓምፕ ግፊት ይገለብጠዋል። ጨዉን የሚያስቀረው ሜምብሬን ደግሞ እንደ ሰሌን የተጠቀለለ ስስ የፖሊአሚድ ሽፋን ነው።

ማሽኑ በአገራችን በታሸገ ውሃ ፋብሪካ፣ በቤተ ሙከራና በኩላሊት እጥበት ክፍል ይገኛል። ሰሜን አሜሪካ ግን የሜፕል ዛፍ ፈሳሽ አፍልተው ሽሮፕ የሚያወጡ ገበሬዎችም አላቸው። 1 ሊትር ሽሮፕ 40 ሊትር ያህል የዛፍ ፈሳሽ ይፈልጋል። ስኳሩን ሜምብሬኑ ከ2 ወደ 8 በመቶ ካደረሰላቸው፣ ከውሃው ሦስት አራተኛው ያለ ማገዶ ወጣ ማለት ነው። ምን ያህል እንጨት እንደሚተርፍ አረቄ ስታወጣ የኖረች የጎጃም እናት ከእኔ በተሻለ ትነግራችኋለች።

ቆሽሿል ወይስ በርዶታል?

ለምሳሌ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የሐምሌ ጠዋት ውሃዋ እጅ ያደነዝዛል። የቀዘቀዘ ውሃ፣ እንደ ቀዘቀዘ ማር፣ ለመውረድ ይለግማል፤ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀንስ የሜምብሬኑ ምርትም 3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ምርቱ ወረደ ብላችሁ ለእጥበት አትቸኩሉ። የውሃውን ሙቀት፣ ግፊቱንና በደቂቃ የሚወጣውን ሊትር በየቀኑ በደብተር መዝግቡ። በተመሳሳይ ሙቀትና ግፊት ምርቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ከቀነሰ ያን ጊዜ በእርግጥ ቆሽሿል።

ክረምት ላይ ጭቃው ስለሚበዛ ከሜምብሬኑ በፊት ያለውን ማጣሪያ ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው፤ ዋጋው ከሜምብሬን ጋር አይወዳደርም።

እንዴት ይታጠባል?

በዋናነት ሁለት ዓይነት ቆሻሻ አለ። አንዱ ተሕዋስያን የሚሠሩት የሚያሙለጨልጭ ልጋግ ነው፤ ይህን የሚያስለቅቀው እንደ ኮስቲክ ሶዳ ያለ አልካሊ ነው። ሌላው ጀበና ውስጥ እንደምናየው ያለ የኖራ ቅርፊትና የብረት ዝገት ነው፤ ለዚህ ሎሚን የሚያኮመጥጠው ሲትሪክ አሲድ፣ በ1 ሊትር ውሃ 20 ግራም ተበጥብጦ ይበቃል።

ቅደም ተከተሉ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። አልካሊው ይቅደም። አሲዱ ከቀደመ ልጋጉ ይጠነክርና አልላቀቅ ይላል። በሁለቱ መካከል በንጹሕ ውሃ በደንብ አለቅልቁ፤ ማጠቢያውንም የምትበጠብጡት ማሽኑ ራሱ ባጣራው ውሃ ይሁን። ውህዱን በዝቅተኛ ግፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል አዙሩት፣ ፓምፑን አጥፍታችሁ አንድ ሰዓት ዘፍዝፉት፣ ከዚያ ደግማችሁ አዙሩት። አልካሊው ለብ ይበል እንጂ ከ35 ዲግሪ አይለፍ፤ ፒኤቹም ከ12 አይብለጥ። ጓንትና የዓይን መከላከያ ሳታደርጉ ኮስቲክ ሶዳ አትንኩ።

በረኪናው ለምን ተከለከለ?

ክሎሪን ፖሊአሚዱን ያፈርሰዋል፤ የፈረሰውን ደግሞ የሚመልስ እጥበት የለም። ለዚህም ነው ክሎሪን የተጨመረበት የቧንቧ ውሃ መጀመሪያ በከሰል ማጣሪያ የሚያልፈው። ከሰሉ ካረጀ ክሎሪኑ ድምፁን አጥፍቶ ያልፋል። የመጠጥ ውሃ ማከሚያው «ውሃ አጋር»ም ያው ክሎሪን ነው፤ ለእንስራችሁ ደግ፣ ለሜምብሬኑ መርዝ። በረኪና ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ያን ጊዜ የሚጎዳው የእናንተ ሳንባ ነው።

ተማሪ ሲበተን

የሜፕል ገበሬዎች ማሽናቸውን የሚያሠሩት በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ማሳደሩን ተክነውበታል። የእኛም ቤተ ሙከራ ክረምት ላይ ይዘጋል፤ መብራት ሲጠፋም ማሽኑ ለቀናት ይቆማል። የቆመ ውሃ ልጋግ ያበቅላል፣ የደረቀ ሜምብሬን ደግሞ አይመለስም። ለረጅም ጊዜ የምትዘጉት ከሆነ አጥባችሁ፣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 10 ግራም ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት በጥብጣችሁ ሙሉት፤ በየወሩም ቀይሩት። መስከረም ላይ ስትከፍቱት መጀመሪያ የሚወጣውን የአንድ ሰዓት ውሃ ድፉት፤ አትጠጡት፣ ለሙከራም አትጠቀሙበት።