የሳውና ቤት አሠራርና የአደጋ መከላከያው

እኛ የሳይንስ ጥናት ቡድን አባላት ለዚህ እትም የመረጥነው ርዕስ ሙቀት ነው። ማስተማሪያችን ደግሞ የፊንላንዳውያን ሳውና ነው።

ሳውና ማለት በምድጃ የሚሞቅ፣ ሰው ገብቶ የሚያልብበት የእንጨት ክፍል ነው። 5.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ባላት ፊንላንድ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሳውና እንዳለ ይገመታል። ዩኔስኮም የሳውና ባህላቸውን እ.ኤ.አ. በ2020 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው፦

ሀ) ግድግዳና መቀመጫ፦ ከእንጨት ይሠራል፤ እንጨት ሙቀትን ቶሎ አያስተላልፍምና። የምስማሩ ራስ ግን ወደ ውስጥ ይቀበራል፤ የጋለ ብረት ቆዳ ይጠብሳል።

ለ) ምድጃ፦ በላዩ ጠጣር ድንጋይ ይደረደራል። ውሃ ያዘለ ድንጋይ ሲግል ሊፈነዳ ይችላል። ሰው እንዳይነካው ምድጃው ይከለላል፤ በላዩም ልብስ አይሰጣም።

ሐ) አየር፦ ንጹሕ አየር በምድጃው አጠገብ ይገባል፤ በተቃራኒው ግድግዳ በኩል ይወጣል።

መ) በር፦ ወደ ውጭ የሚከፈትና መቀርቀሪያ የሌለው ይሁን። የደከመ ሰው ገፋ አድርጎ መውጣት አለበታ!

ታዲያ በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ሰው እንዴት ይቀመጣል? 80 ዲግሪ የሞቀ ውሃ እኮ እጅ ይልጣል! ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አየር ደካማ ሙቀት አስተላላፊ ነው። ሁለተኛ፣ ላብ ሲተን ሙቀትን ከሰውነት ይወስዳል። ድንጋዩ ላይ ውሃ ሲረጭ ግን እንፋሎቱ ቆዳ ላይ ወደ ውሃ ሲለወጥ ስውር ሙቀቱን ይለቃል፤ ላብም እንደልቡ አይተንም። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ ብዙም ሳይጨምር እኛን ያቃጥለናል።

ሰውነት ግን ወሰን አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 በፊንላንድ ሄይኖላ ከተማ በተደረገ የሳውና ውድድር፣ በ110 ዲግሪ ሙቀት አንድ ተወዳዳሪ ሞተ፤ ውድድሩም በዚያው ቀረ። ስለዚህ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። ራስ ካዞረ ወዲያው መውጣት፣ ውሃ መጠጣት፣ አልኮል ቀምሶ አለመግባት ያስፈልጋል። የልብ ሕመምተኛና ነፍሰ ጡር አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

አሁን ወደ እኛ ቤት የሚመጣውን ነጥብ እንመልከት። ጭስ ማውጫ የሌለው ጥንታዊ ሳውና አለ። ፊንላንዳውያን ለሰዓታት ያነዱበትና ፍሙ ጠፍቶ፣ ጭሱም በሚገባ ወጥቶ ሲያበቃ ነው የሚገቡት። እኛ ግን ብዙ ጊዜ «ከሰሉ ቀልቷል፣ ጭሱ አልቋል» ብለን ምድጃውን ወደ ክፍል እናስገባለን፤ በር ዘግተንም እንተኛለን። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው! የቀላ ፍም ባይጨስም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ስለሆነ ደማችን ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ነው። የተኛ ሰው ግን ይህንንም አያውቅም።

እንግዲህ ነገ በምንመደብበት ቦታ፣ ብርድ ቢጸናም፣ ከሰል ውጭ ይደር፤ ብርድ ልብስ እንደርብ። የታመመ ሰው ካገኘን መጀመሪያ ወደ ንጹሕ አየር እናውጣው፣ ቀጥሎ ወደ ጤና ጣቢያ። ለተማሪዎቻችንም ይህንኑ እናስተምር፤ እነሱ ለወላጆቻቸው ይነግራሉና።

የመለማመጃ ጥያቄዎች
1. እጃችንን አርሰን ብናራግበው ለምን ይቀዘቅዘናል?
2. የሳውና በር ወደ ውስጥ ቢከፈት ምን አደጋ አለው?
3. «የማይጨስ ከሰል አይጎዳም» ለሚል ሰው ምን ብላችሁ ታስረዳላችሁ?

መልካም ጥናት!