የበርበሬው ብር ኪስ ሲገባ፦ ልቡ ፈጥኖ ለሚነሣ ሰው

ቡሬ ገበያ ላይ በርበሬው ከሚዛን ወርዶ ብሩ ተቆጥሮ ሲሰጥ፣ ልቡ ያማረውን ወዲያው የሚያደርግ ሰው ይፈተናል። አዲሱ ጃኬት፣ የጓደኛ ግብዣ፣ «አንዲት ብቻ» የተባለች መለኪያ አረቄ በአንድ ቀን ይደራረቡበታል። ይህ ሰው ግን ለደቦ ቀድሞ የሚነሣ፣ አዲስ ዘር ለመሞከር የማይፈራ፣ ለተቸገረ ጎረቤት ሳይጠራ የሚደርስም ነው። ጠባዩን መንቀል አያስፈልግም። ውሳኔውን ከገበያው ቀን ማስቀደም ይበቃል።

መነሻው የራስን ችኮላ መለየት ነው። ዋይትሳይድና ላይናም የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳዩት ችኩልነት መልኩ ብዙ ነው፦ አንዱ ሲከፋው፣ ሌላው ሳያመዛዝን፣ ሌላው አዲስ ነገር ስለሚያጓጓው ይቸኩላል። ሲከፋው ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ከተጣላ በኋላ ገበያ ባይወጣ ይሻለዋል።

ቀጥሎ ዋናው ሥራ ይመጣል፤ ብሩን ሳይውል ሳያድር ወደ ቁም ነገር መለወጥ። በምዕራብ ጎጃም የበቆሎና የበርበሬ ገንዘብ በብዛት የሚገባው ከኅዳር ወዲህ ነው፤ ማዳበሪያ የሚፈለገው ክረምቱ ሲቃረብ ነው። በመካከሉ የጥር ሠርግ አለ። ኤስተር ዱፍሎ፣ ማይክል ክሬመርና ጆናታን ሮቢንሰን በምዕራብ ኬንያ የበቆሎ ገበሬዎች ዘንድ ያዩትም ይህንኑ ክፍተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ አዝመራ እንደተሰበሰበ ገንዘቡ በእጃቸው ሳለ ማዳበሪያ እንዲገዙ፣ ማድረሻውም በነፃ እንዲሆንላቸው ሲደረግ ተጠቃሚው ጨምሯል። ፍኖተ ሰላም አካባቢ በዚያ ወቅት ማዳበሪያ ካልተገኘ፣ ዋጋውን ያህል ብር በዚያው ቀን ባንክ በጊዜ ገደብ ማስቀመጥ ይቻላል።

ዕቁብ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ባንክ ያላስገባ ሰው ማንም አይጠይቀውም፤ ዕቁቡን ያልጣለ ግን ዳኛው በር ድረስ ይመጣበታል። ለችኩል ሰው ይህ ይሉኝታ ትልቅ አጥር ነው።

ለገበያው ቀን አንዲት ዓረፍተ ነገር ቤት ውስጥ ትዘጋጅ፦ «ነጋዴው ከጠራኝ፣ ዋጋውን ጠይቄ አልፋለሁ፤ ከባለቤቴ ጋር ተማክሬ በሚቀጥለው ገበያ እገዛዋለሁ።» የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልቪትዘር እንዲህ «ይህ ከሆነ ይህን አደርጋለሁ» የሚል ዕቅድ ከደፈናው ውሳኔ የተሻለ እንደሚፈጸም አሳይቷል።

ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብር ለማውጣት ኪስ መፍታት እንኳ ቀርቷል። ስለዚህ ስልኩ ላይ የሳምንት አስቤዛ የሚሆን ብር ብቻ ይቀመጥ።

ለልብ አምሮትም ትንሽ ድርሻ ይመደብ፤ በጃኬትም ይሁን በግብዣ ይለቅ፣ ማንም አይጠይቀው። ሁሉንም የከለከለ ዕቅድ ብዙ አይቆይም።

አረቄው ወይም ውርርድ ከዚህ ሁሉ በኋላም አልላቀቅ ካለ፣ ጉዳዩ ከጠባይ አልፏልና ጤና ባለሙያ ይማከር። የቀረው ሁሉ በርበሬው ገና ማሳ ላይ ሳለ ይጀመር፤ የማዳበሪያው ብር የት እንደሚቀመጥ ዛሬ ማታ ከቤተሰብዎ ጋር ይነጋገሩ።