አመልህ ማሊያ ለብሶ ይገባል

ለእህቴ ልጅ፦

የላሊበላውን ኮሌጅ የእግር ኳስ ቡድን በዋና አሰልጣኝነት መረከብህን ሰማሁ። እንኳን ደስ አለህ። ኳሱን ታውቀዋለህ፤ ኮርሱን ወስደሃል፣ የልምምድ ዕቅድ ታወጣለህ፣ ስለ አሰላለፍ ካነሣህማ ማቆሚያ የለህም። እኔን ያሳሰበኝ አመልህ ነው። የእናትህ ወገን ቶሎ ይግላል፤ እኔም ከዚያው ስለወጣሁ አውቀዋለሁ። አመል ያወጣል ከመሐል ይባላል፤ የአሰልጣኝ አመል ግን ባለቤቱን ብቻ አያወጣም፣ ቡድኑን አስከትሎ ነው የሚወጣው። ዕድሜዬን ስፖርት ሳስተምር የኖርሁ ነኝና የታየኝን በቁጥር አድርጌ ጽፌልሃለሁ። ቁጥሩ በስልክ ስታነብ እንዳይጠፋብህ ነው እንጂ ሁሉም እኩል ይመዝናል ማለቴ አይደለም።

1. ከራስህ ቀጥሎ የምትጠብቀው አምበልህን ነው። በእረፍት ሰዓት የደከመ ልጅ ከንግግርህ ግማሹን አይሰማም፤ ፊትህን ግን ያያል። ከሁሉ ቀድሞ የሚያየው ደግሞ አምበሉ ነው። ጎል ሲቆጠርባችሁ ኳሷን ይዞ ወደ መሐል ሲመለስ ዓይኑን ወደ ተጠባባቂ ወንበር ይጥላል። የውሃ ላስቲኩን መሬት ላይ ስትፈጠፍጥ ካገኘህ እሱም ሜዳ ውስጥ ያንኑ ይደግማል፤ እሱ ዳኛውን ሲያፋጥጥ ሌሎቹ ይከቡታል፤ በሦስተኛው ጨዋታ ቀይ ካርድ የሚያየው ግን አንተ ሳትሆን የአሥራ ስምንት ዓመቱ ተከላካይ ነው።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተደረገውን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ አስብ። ቡድናችን በግብፅ ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለቱንም ጊዜ አቻ አደረገ፤ በጭማሪው ሰዓት ሁለት አክሎ 4 ለ 2 አሸነፈ። የመጨረሻዋን ያገባት መንግሥቱ ወርቁ ነው። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበሩ፤ ሉቺያኖ የአስመራ ልጅ ነው፣ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው እሱ ነው። ስለዚያ ቀን ሲወራ ሰው ጎሎቹን ይቆጥራል፤ እኔ የማስበው ግን ዳግመኛ ከተመሩ በኋላ አቻ እስኪሆኑ ያለፉትን ደቂቃዎች ነው። የአዲስ አበባና የአስመራ ልጆች የተቀላቀሉበት ቡድን፣ በአገሩ ሕዝብ ፊት ሲመራ፣ ለመወነጃጀል ከዚያ የተመቸ ሰዓት የለውም። ያ ቡድን አልፈረሰም። ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስኪሞቱ፣ እስከ 1979 ድረስ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል፤ የዘር መድልዎ የነበረባት ደቡብ አፍሪካ ወደ ውድድሩ እንዳትገባ አጥብቀው የተከራከሩም ናቸው። ቁጣ የሌላቸው ሰው አልነበሩም ማለት ነው። የት እንደሚያውሉት ያውቁ ነበር እንጂ።

ስለዚህ አምበል ስትመርጥ ጎል የሚያገባውን ወይም ከአንተ ጋር የሚቀልደውን አትይ። ሲሸነፍ ድምፁ የማይለወጠውን ፈልግ። ካጣህ ደግሞ ችግሩ ከልጆቹ ላይሆን ይችላል።

2. ቁጣ አይኑርህ አልልህም። ልጆችን የሚያበላሸው መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ቁጣ ነው። ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬን አስታውስ፤ ሃንጋሪ የተማሩ፣ ደራርቱን፣ ኃይሌን፣ ቀነኒሳን ያሰለጠኑ፣ በ2008 ዓ.ም. ያረፉ። ለስላሳ ናቸው ሲባል ሰምቼ አላውቅም፤ በሥነ ሥርዓት ጉዳይ ቀልድ አያውቁም ነበር። ሆኖም መስከረም 1993 ላይ ሲድኒ ኦሎምፒክ ኃይሌ፣ ደራርቱ፣ ሚሊዮን ወልዴና ገዛኸኝ አበራ አራት ወርቅ ይዘው ሲመለሱ የዚያ ጥብቅነት ፍሬ ታይቷል። በእኔ ግምት ምሥጢሩ ይህ ነው፤ አትሌቱ ምን ቢያደርግ እንደሚቆጡት ከመነሻው ያውቀዋል። ሰዓቱን ካከበረ፣ ልምምዱን ካላጓደለ የሚፈራው ነገር የለም። እንዲህ ያለው ቁጣ ለልጁ መመሪያ ይሆነዋል።

አሁን ደግሞ ወደ አሜሪካ ልውሰድህ። እዚያ የኮሌጅ ቡድን ዋና አሰልጣኝ እንደ አንተ ሦስት ኳስ ተፈራርሞ የሚረከብ ሰው አይደለም፤ ከመቶ ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ ስታዲየም ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ኳሱም በእጅ የሚያዝ፣ ሞላላ ነው። ውዲ ሄይስ የሚባሉ ሰው የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲን ቡድን ለ28 የውድድር ዘመን አሰለጠኑ፤ ብሔራዊ ሻምፒዮንነትም ደጋግመው አመጡ። ንዴታቸውን አገር ያውቀዋል። የቴሌቪዥን ካሜራ የያዘ ሰው በቡጢ እስከ መምታት ደርሰው ነበር፤ ሥራቸው ላይ ግን ቆዩ፣ ያሸንፋሉና። ዓመት ቆይቶ፣ ታኅሣሥ 1971 ዓ.ም.፣ ከክሌምሰን ጋር ሲጋጠሙ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የተጋጣሚ ተጫዋች ኳሷን ጠልፎ እሳቸው ከቆሙበት ጠርዝ ወጣ። ያን ልጅ በቡጢ መቱት፤ በቴሌቪዥን ታየ። ቡድናቸው 17 ለ 15 ተሸነፈ፤ በማግስቱ ከሥራ ተሰናበቱ። እኔን የሚያሳስበኝ ያቺ ቡጢ ሳትሆን ከዚያ በፊት በድል ተሸፍኖ ያለፈው ሁሉ ነው። ያሸነፍክ ቀን የሠራኸውን ጥፋት ማንም አይነግርህም። ስለዚህ ዛሬውኑ ምክትልህን ጥራና "ስጮህ እጄን ያዘኝ" በለው፤ የያዘህ ቀንም አትቀየመው።

3. ተጫዋች አይመታም። በጥፊም፣ በፊሽካ ገመድም፣ በቀልድም።

4. የአሰልጣኝ ጠባይ የሚለካው ነገር ከተበላሸ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ጊዜ ብሔራዊ ቡድናችን ሱዳን ሄዶ 5 ለ 3 ተሸነፈ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸነፈ፤ ድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ ከሜዳው ውጭ ባገባቸው ጎሎች አለፈ፤ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለስን። ልብ በል፣ በር የከፈቱት በሽንፈቱ ቀን የገቡት ሦስቱ ጎሎች ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ላይ የመጀመሪያው ጨዋታ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ነበር፤ ቀኑም ጥር 13 (እንዲህ ያለ መገጣጠም ደስ ይለኛል፣ ትርጉም ግን አልሰጠውም)። ፍጹም ቅጣት ምት ሳትን፣ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፣ ጎል ገባብን፤ በዐሥር ሰው አዳነ ግርማ አቻ አደረገ። ቀጥሎ ግን በቡርኪናፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ወጣን። መረጋጋት ሁልጊዜ ጎል ያመጣል ብሎ የሚነግርህ ካለ አትስማው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ይብሳል። ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን በደስታ ስንሰክር፣ ሁለት ቢጫ የነበረበት ምንያህል ተሾመ ከቦትስዋና ጋር መሰለፉ ታወቀና ሦስት ነጥብ ተነጠቅን። የወረቀት ስሕተት! ሆኖም ቡድኑ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 ረትቶ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ፤ የቆመው በመጨረሻው ዙር በናይጄሪያ ነው። ተጫዋች እንዲህ ያለ ቀን አሰልጣኙ ጥፋተኛ ፍለጋ ሲሮጥ ካየ ለሚቀጥለው ጨዋታ ልቡን አያመጣም። ስለዚህ አንድ ደብተር ግዛ፤ የእያንዳንዱን ልጅ ቢጫ ካርድ በእጅህ መዝግብ። ቡድን መሪው ይይዘዋል ብለህ አትተወው።

5. በጾም ወራት ጠባይህን አትመን። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ልጅ በስምንት ሰዓት ፀሐይ ላይ ሩጫ ቢያቅተው ሰነፍ አይባልም፤ አንተም በባዶ ሆድህ ስትቆም ትንሹ ነገር ያናድድሃል። ልምምዱን ወደ አመሻሹ አውርደው፣ ረቡዕና ዓርብም ቀለል አድርገው። የረመዳን ጾም የያዘ ተጫዋች ካለህ ደግሞ ሰዓቱን ራሱን ጠይቀው። ከገና በፊት ባለው ሳምንት ልምምድ አትጥራ፤ ላሊበላ በምእመን ሲሞላ ልጆቹ የእንግዳ እግር ያጥባሉ፣ ዕቃ ይሸከማሉ፣ ለቤታቸው ገንዘብ ያገኛሉ። "ለቡድኑ ፍቅር የላቸውም" ብለህ እንዳትቆጣ።

6. ድምፅህን ተጠንቀቅ። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት በላስታ ሲያልፍ እነዚህ ልጆች ገና ታዳጊዎች ነበሩ። ከተማው ከእጅ ወደ እጅ ሲገላበጥ አይተዋል፤ ትምህርታቸው ተቋርጧል፤ ከዚያ ወዲህም የተኩስ ድምፅ አልራቃቸውም። ከኋላው ሲጮኹበት ትከሻው የሚዘል ልጅ አለ። ፈሪ ነው ብለህ ከቡድን እንዳታወጣው፤ ሌላ ተጫዋች በጩኸት የሚነቃበትን እሱ ስሙ ቀስ ተብሎ ሲጠራ ይሠራዋል። ማን ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ሥራህ ነው። እኔ በጆሮ ሹክ የምላቸውና ከሜዳ ማዶ የምጣራቸው ልጆች ነበሩኝ፤ ተደባልቀውብኝ አያውቁም።

7. ያረፈደን ልጅ መጀመሪያ ጠይቀው፣ ከዚያ ቅጣው። ሹምሸሃ አውሮፕላን ያረፈ ቀን ቱሪስት ተከትሎ የሄደው የቤተሰቡን እህል ሸመታ ሊሸፍን ይሆናል። ከጠየቅህ በኋላም ቢሆን ቅጣቱ አይቅር፤ ሕጉ ለሁሉም ነው። በቆጂ ላይ ደራርቱን፣ ፋጡማን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት ስንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። የመምህር ጥቅሙ ልጁን በክፍልም በሜዳም ማየቱ ነው። አንተም ኮሌጅ ውስጥ ነህና ያን ዕድል አትጣለው።

8. ስለ አጨዋወትህ። ኳስ ከኋላ በቅብብል እንዲጀመር እፈልጋለሁ ብለሃል፤ ጥሩ። ያ አጨዋወት ግን ከታክቲክ ሰሌዳው ይልቅ በአሰልጣኙ ነርቭ ላይ የቆመ ነው። ተከላካይህ በራሱ ሳጥን አጠገብ ኳስ ሲይዝ "ምታው!" ብለህ አንድ ጊዜ ከጮህህ የሁለት ወር ልምምድህ አለቀ፤ ልጁ ከዚያ በኋላ የሚያምነው ጩኸትህን ነው። ውበቱ አባተን ተመልከት። ኢትዮጵያ ቡናን በ2003 ዓ.ም. ሻምፒዮን ያደረጉት በዚሁ በቅብብል እምነታቸው ነው፤ ብሔራዊ ቡድኑንም ወደ ካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ ይዘውት ሄዱ። እዚያ በአዘጋጇ 4 ለ 1 ሲሸነፉ ብዙ ሰው አጨዋወቱን ወቀሰ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግን፣ የራሳችን ስታዲየም ስላልተፈቀደ ማላዊ ሊሎንግዌ ላይ፣ ያው ቡድን ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ፤ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ትዕግሥት ከሌለህ ረጅም ኳስ አስተምር፤ ምንም ነውር የለበትም። ከአመልህ ጋር የሚጣላ አጨዋወት ግን አትምረጥ።

9. ልጆቹ ይናገሩህ። በአገራችን የገና ጨዋታ ላይ ጌታና ሎሌ አብረው ሩሯን ሲያሳድዱ፣ በዱላ የተነካ ባለ ማዕረግ መቆጣት አይፈቀድለትም ነበር፤ የቀኑ ሕግ ነው። ሽማግሌዎቻችን ለአንድ ከሰዓት ማዕረግን ማውለቅ እንደሚጠቅም ያወቁ ይመስለኛል። አንተም ከጨዋታ ማግስት ግማሽ ሰዓት ስጣቸው፤ "ለውጡ ልክ አልነበረም፣ ጋሼ" የሚልህን አድምጥ። ከዚያ በኋላ ቀጣዩን አሰላለፍ አንተው ታወጣለህ፤ ይህ ለድምፅ የሚቀርብ ነገር አይደለም። አንዳንድ ወጣት አሰልጣኞች መወደድ ፈልገው ሁሉን በስብሰባ ሲወስኑ አያለሁ፤ እሱም ራሱን የቻለ የጠባይ ድክመት ነው።

10. የመጀመሪያው ጨዋታችሁ ወልድያ ላይ ነው አሉ። በጋሸና ዞራችሁ፣ በድልብ ቁልቁል ስትወርዱ መንገዱ ያደክማል፤ ከቻልክ በዋዜማው ግቡ። ስትሸነፍም ስታሸንፍም በመልሱ መኪናው ውስጥ ከፊት ከሾፌሩ ጋር አትቀመጥ፤ መሐል ሁን፤ ስለ ጨዋታው ግን ጋሸና ምሳ እስክትበሉ ድረስ ምንም አታውራ። ማታ ደውልልኝ። ውጤቱን ከሬዲዮም ከሰውም እሰማዋለሁ። አንተ የምትነግረኝ ጎል በገባባችሁ ጊዜ አምበልህ ለልጆቹ ምን እንዳላቸው ነው።

አጎትህ