ትምህርት 14፦ አመዛዝኖ መጻፍ — የጭነት መኪና ወይስ ሚኒባስ?

ሁለት ነገሮችን ጐን ለጐን አቅርቦ የአንዱን ከሌላው መሻል ወይም ማነስ የሚያሳይ ድርሰት አመዛዛኝ ድርሰት ይባላል። ብዙ ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ድርሰት እንዲጽፉ ሲታዘዙ የመጀመሪያውን ነገር ጥቅም ይዘረዝራሉ፤ የሁለተኛውንም ይዘረዝራሉ፤ በመጨረሻም «ስለዚህ ሁለቱም ጠቃሚዎች ናቸው» ብለው ያቆማሉ። ይህ መዘርዘር እንጂ ማመዛዘን አይደለም። ጸሐፊው «ለማን? በምን ምክንያት?» ብሎ ካልጠየቀ ሚዛኑ ወደየትም አያጋድልም። ከዚህ በታች ያለውን ምንባብ መጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ በጥሞና አንብቡ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ማብራሪያው እለፉ።

ምንባብ

በአዳማ ከተማ የሚኖር አንድ ወጣት ሕዝብም ጭነትም ለማጓጓዝ የሚያበቁትን የመንጃ ፈቃዶች ከያዘ በኋላ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሥራ ቀረበለት። አንደኛው ከጅቡቲ ወደብ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ በሚያመላልስ ባለተሳቢ የጭነት መኪና ላይ መሥራት ነው። ሁለተኛው የአንድ ጐረቤቱን ሚኒባስ ይዞ ከአዳማ አዲስ አበባ መመላለስ ነው። የጭነት ድርጅቱ የወር ደመወዝና የጉዞ አበል ይከፍላል። የሚኒባሱ ባለቤት ግን ደመወዝ አይከፍልም፤ በየማታው የተቈረጠ ገቢ ይቀበላል። ነዳጁ፣ የፍጥነት መንገዱ ክፍያና የረዳቱ ድርሻ ከተነሣ በኋላ የተረፈ ካለ የሾፌሩ ነው።

ወጣቱ አባቱን ያጣው በልጅነቱ ነው። እናቱ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ዐይናቸው ስለ ደከመ የኢንሱሊኑን መርፌ ጧትና ማታ የሚወጋቸው እርሱ ነው። ታናሽ እኅቱ ገና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። መድኃኒቱን ለመግዛት ገንዘብ ያስፈልጋል፤ መርፌውን ለመውጋት ደግሞ እጅ ያስፈልጋል። አንዱ ሥራ ገንዘቡን ሰጥቶ እጁን ይወስዳል፤ ሌላው እጁን ትቶለት ገንዘቡን አያረጋግጥለትም።

ነገሩ ሲያስጨንቀው ከሠላሳ ዓመት በላይ በጭነት መኪና ወደሠሩት አጐቱ ዘንድ ሄደ። እኒህ ሰው በወጣትነታቸው ወደ አሰብ ይመላለሱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ጦርነት ምክንያት ያ መንገድ ለኢትዮጵያ ንግድ ከተዘጋ ወዲህ ግን ሥራቸው ሁሉ በጅቡቲ መሥመር ሆነ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ይመርጡ ነበር?» አላቸው።

«እኔማ መርጬ ጨርሻለሁ» አሉት። «ይልቅ የመረጥሁት ምን እንደ ሆነ ልንገርህ። ከባሕሩ ዳር ጭነህ ትነሣለህ፤ ጋላፊን አልፈህ ሎጊያ፣ ሚሌ፣ ገዋኔ፣ አዋሽ እያልህ ሞጆ እስክትደርስ ከ1,700 ሜትር በላይ ሽቅብ ትወጣለህ። ሙቀቱ ጐማ ያፈነዳል። ዳገቱ ግን ሞተር ያስጮኻል እንጂ ሰው አይገድልም፤ የሚገድለው ቍልቍለቱ ነው። ቡና ወይም ሰሊጥ ጭነህ ስትወርድ ፍሬንህን ብቻ ካመንህ ይግላል፤ ከጋለ ይከዳሃል። ዳገቱን በምትወጣበት ከባድ ማርሽ ቍልቍለቱን ውረድ፤ መኪናውን ሞተሩ ይያዘው፤ ፍሬን ለክፉ ቀን ይቀመጥ።»

«ይህንስ እማራለሁ» አለ ወጣቱ።

«ትማራለህ። የማትማረው መጠበቁን ነው። ወረቀት እስኪያልቅ፣ ተራ እስኪደርስ አንዳንዴ ቀናት በመኪናው ጥላ ሥር ትተኛለህ። ልጄ ስትወለድ ሚሌ ነበርሁ፤ ስትዳር ጋላፊ ላይ ቆሜ ነበር። ደመወዜ ግን አንድም ወር አልጐደለባቸውም። እኔ የመረጥሁት ይህንን ነው።»

ወጣቱ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «ሚኒባሱስ፣ ጋሼ? ቀላል መኪና ነው፤ መንገዱም እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የፍጥነት መንገድ ስለ ሆነ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ያመላልሳል» ሲል ጠየቃቸው።

አጐቱ ሣቁ። «ጭነት አይናገርም፤ ተሳፋሪ ይናገራል። ይህ ግን ትንሹ ነገር ነው። መናኸሪያ ተራ ስትጠብቅ ግማሽ ቀን ያልፍብሃል እንበል፤ ባለቤቱ ማታ የሚፈልገው ገቢ ግን ግማሽ አይሆንም። ያን ጊዜ ምን ታደርጋለህ? ታበራለህ፤ ወይም ትርፍ ሰው ታሳፍራለህ። ፍጥነትህን እጥፍ ብታደርግ ፍሬን ይዘህ የምትቆምበት ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን ታውቃለህ? ሾፌሩ ችኩል ስለ ሆነ ነው የሚሮጠው ይላሉ፤ እኔ እንዳየሁት ግን ብዙውን የሚያስሮጠው የማታው ሒሳብ ነው።» ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ በማልኖርበት ሌሊት ለእናትህ መርፌውን ማን ይወጋቸዋል የሚለውን ጥያቄ ለእኔ አትጠይቀኝ» አሉት።

ወጣቱ በማግሥቱ ወደ ሚኒባሱ ባለቤት ሄዶ፣ «ገቢው የተቈረጠ ከሆነ አልነዳም፤ ከወጪ በኋላ የሚተርፈውን በድርሻ ከተካፈልን ግን እነዳለሁ» አላቸው። ባለቤቱ ለረጅም ጊዜ ተከራከሩ፤ በመጨረሻም እስከ መስከረም ድረስ ለመሞከር ብቻ ተስማሙ። የጭነት መኪናውን ሌላ ሰው ወሰደው።

ማብራሪያ

ምንባቡ የትኛው መኪና በጠቅላላው እንደሚበልጥ አይነግረንም። በአገር ደረጃ ቢታይማ የጭነት መኪናው ሚዛን ይደፋ ነበር፤ ምንም እንኳ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ አገልግሎት ቢጀምርም፣ የገቢና የወጪ ዕቃው ብዛት አሁንም በጭነት መኪና ትከሻ ላይ ነው። ለዚህ ወጣት ግን ሚዛኑ የተሠራው ከሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ከገንዘቡ መረጋገጥና ከራሱ በቤት መገኘት። የሙቀቱ፣ የዳገቱና የመናኸሪያው ወሬ ሁሉ ከነዚህ ወደ አንዱ ይወስዳል።

በተለይ አጐቱ የሰጡትን ምክንያት ልብ በሉ። «ሚኒባስ አደገኛ ነው» ብለው አላለፉም፤ አደጋው ከአከፋፈሉ እንዴት እንደሚመጣ አሳዩ። ወጣቱም በዚህ ምክንያት ሦስተኛ መንገድ ሊያገኝ ቻለ። ምክንያቱ ባይነገረው ኖሮ ከሁለቱ አንዱን እንዳለ ከመቀበል በቀር ምርጫ አይኖረውም ነበር። (ባለቤቱ ባይስማሙስ ኖሮ? ምንባቡ መልስ አይሰጥም፤ እናንተ አስቡበት።)

ሰዋስው

በአመዛዛኝ ድርሰት ውስጥ የሚከተሉት አያያዦች ይዘወተራሉ።

«ከ… ይልቅ»፦ ከደመወዝ ይልቅ በቤት መገኘትን መረጠ። «ይሻላል» የሚለው ግሥ ራሱ ማወዳደሪያ ስለ ሆነ «ይበልጥ ይሻላል» ብሎ መጻፍ ያለ ጥቅም መደራረብ ነው።

«እንጂ»፦ ከሁለት ሐሳቦች አንዱ አዎንታ፣ ሌላው አሉታ ሲሆን በመካከላቸው ይገባል። ዳገቱ ሞተር ያስጮኻል እንጂ ሰው አይገድልም።

«ምንም እንኳ… ቢ…ም»፦ ምንም እንኳ ደመወዙ ቋሚ ቢሆንም ሥራውን አልተቀበለም። በዚህ ዐረፍተ ነገር ላይ «ቢሆንም» ካልን በኋላ «ግን» መጨመር በንግግር ዘወትር ይሰማል፤ በጽሑፍ ግን መተው አለበት።

መልመጃ

1. ከምንባቡ ውስጥ «እንጂ» እና «ግን» የገቡባቸውን ዐረፍተ ነገሮች አውጡ። በአንዱ ዐረፍተ ነገር ላይ «እንጂ»ን በ«ግን» ብትለውጡ ምን ሌላ ነገር አብሮ መለወጥ አለበት?

2. «አንዱ ሥራ ገንዘቡን ሰጥቶ እጁን ይወስዳል» ሲል ጸሐፊው «እጁን» ያለው ለምንድን ነው?

3. ወጣቱ እናት ባይኖረው፣ እኅቱ ብቻ ብትኖረው ኖሮ ሚዛኑ ወዴት ያጋድል እንደ ነበር በአንድ አንቀጽ ጻፉ።

4. መስከረም ደረሰ፤ የሚኒባሱ ባለቤትም ገቢው እንደ ቀድሞው እንዲቈረጥ ጠየቁ። ወጣቱ ለአጐቱ የሚጽፈውን ደብዳቤ፣ ተገቢውን የአክብሮት አነጋገር ሳትዘነጉ፣ ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ጻፉ።