ወንድሜን ሙዚየም ይዤ ሄጄ የተማርኩት የጥያቄ አጠያየቅ

የቃለ መጠይቅ ኮርስ የወሰደ ተማሪ ሁሉ የሚያውቃት ነገር አለች። ጥያቄ ዝግና ክፍት ተብሎ ይከፈላል። ዝጉ «አዎ» ወይም «አይ» ተብሎ ያልቃል። ክፍቱ ደግሞ «ምን»፣ «እንዴት»፣ «ለምን» እያለ ተጠያቂውን ያናግረዋል። ይህችን ለፈተና ሸምድጄ ጥሩ ውጤት አግኝቼባታለሁ። በትክክል የገባችኝ ግን አንድ ቅዳሜ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ የ15 ዓመት ወንድሜን ይዤ ስዞር ነው።

ወንድሜ ሥዕል ይወዳል። አባታችን የፊዚክስ ደብተሩን ሲገልጡ ከኋላ በኩል በሥዕል ተሞልቶ አገኙትና ወሰዱበት። ልጃቸው መሐንዲስ እንዲሆን ነው የሚፈልጉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ አፉን ዘጋ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከ«እሺ» እና «አልፈልግም» ሌላ ቃል አልወጣውም። እናቴ «እስቲ ይዘሽው ውጪ» አለችኝ። እኔም ስለ ሥዕል የምጽፈው የቤት ሥራ ነበረብኝና ተያይዘን ሄድን።

ምድር ቤት የድንቅነሽን ቅጂ አየን።

«ደስ አይልም?» አልኩት።

«ይላል።»

የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ታሪክ በአንድ ቃል አለቀ! የነገሥታቱ ዕቃዎች ጋም ያው ነው። እኔ መግለጫውን ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ «ገባህ?» እላለሁ፣ እሱ «አዎ» ይላል። እውነቱን ለመናገር እኔም አልገባኝም ነበር፤ ሥዕሎቹ ያሉበት ፎቅ ስንደርስ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ጽሑፉ እንጂ ወደ ሥዕሉ አልነበረም።

መጨረሻ ላይ ደከመኝና ሳላስበው «ከነዚህ ውስጥ አንዱን ወደ ቤት ውሰድ ብትባል የትኛውን ትወስዳለህ?» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ጥሎኝ ሄደ። ሩብ ሰዓት ያህል ብቻውን ሲዞር ቆይቶ መጣና እጄን ይዞ ወደ አንድ የቆየ መንፈሳዊ ሥዕል ወሰደኝ።

«ይሄንን። ግን ይሄ ሰውዬ ለምን አንድ ዓይን ብቻ አለው?»

ይህችን እንኳ አውቃታለሁ። በባህላዊው የቤተ ክርስቲያን አሳሳል ደግ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ክፉው ግን በጎኑ ስለሚሳል አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። የዓድዋ ጦርነት ሥዕሎችን ያየ ሰው ያስታውሳል፤ የኛ ሰዎች ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ ሲያዞሩ ጣልያኖቹ በጎናቸው ናቸው። (ሠዓሊው ቢያንስ ወገንተኝነቱን አልደበቀም። እኛ ዜና ስንጽፍ ለአንዱ «አስታወቀ»፣ ለሌላው «አመነ» እያልን የምንሠራው ምንድን ነው?)

ይህን ስነግረው ትንሽ አሰበና «አባባ አሁን ቢስሉኝ በጎኔ ነበር» አለ።

ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። ዝም ማለቴ ሳይሻል አልቀረም፤ ምክንያቱም ስለ ደብተሩ፣ ስለ ፊዚክሱ፣ አባባ ስለተናገሩት ነገር ራሱ ማውራት ጀመረ። ሁለት ሳምንት የታመቀው ሁሉ ወጣ። ዝምታም የጠያቂ መሣሪያ ነው ሲባል ክፍል ውስጥ ማስታወሻ ይዤ ነበር፣ ተጠቅሜበት ግን አላውቅም።

ሰፊው የአፈወርቅ ተክሌ «የአፍሪካ ቅርስ» ፊት ስንደርስ እሱ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ማየት ጀመረ። እኔ መግለጫውን ማንበቤን ትቼ የማውቀውን ነገርኩት። ሎሬት አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። ዕድሜያቸው ያኔ ልክ እንደሱ 15 ገደማ ነው። እዚያ ከሄዱ በኋላ ግን ወደ ሥዕል ዞሩ፤ ለንደን ውስጥ ስሌድ በተባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ተማሩ።

«ቤተሰቦቻቸው ምን አሉ?»

«ምን የሚሉ ይመስልሃል?»

ታክሲ እስክንይዝ ድረስ ሲመልስልኝ ነበር። ከሙዚየሙ ግማሹን እንኳን አላየንም። ታናናሾቻችሁን የምትወስዱ ካላችሁ ሁሉንም ላሳያቸው ብላችሁ አትልፉ፤ አንድ ሥዕል ፊት ብዙ መቆም ይሻላል።

ማታ አባባ ዜና አይተው ሲጨርሱ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ደብተሩን ለምን አይመልሱለትም?» ልል ነበር፤ ተውኩት።

«አባባ፣ ደብተሩ ውስጥ ምን ምን ሥሏል?»

«እኔ ምን አውቄ፣ የመጀመሪያዋን ገጽ ነው ያየሁት» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «መነጽሬን አቀብዪኝ እስቲ።»