የዓሣ ኩሬን ውኃ ስለ ማጽናት፦ ፒኤች፣ የውኃ ጠጣርነት እና የኖራ አጠቃቀም

አንድ ደብር የግቢው አጥር ተቀብቶ የተረፈውን ኖራ «ውኃውን ያጠራዋል» በሚል ቅን ሐሳብ ዓሣ ወዳለበት ኩሬ ጨመረ። በማግሥቱ ጠዋት ጫጩቶቹ ሞተው በውኃው ላይ ተንሳፈፉ። የምእመናን ገንዘብና የወራት ድካም በአንድ ሌሊት ጠፋ። የጎደለው ትጋት ሳይሆን ዕውቀት ነበርና፣ በዚህ ትምህርት ስለ ውኃው ጠባይ እንመለከታለን።

ፒኤች

ፒኤች የውኃን አሲዳማነትና አልካላይነት የሚያሳይ መለኪያ ነው። ከ7 በታች አሲዳማ፣ ከ7 በላይ አልካላይ ይባላል። ለቆሮሶ ዓሣ ከ6.5 እስከ 9 ያለው ይስማማዋል፤ ወደ 4 ሲወርድ ወይም ወደ 11 ሲወጣ ግን ይሞታል። በኩሬ ውስጥ ያሉ ዋቅላሚዎች በቀን ብርሃን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ስለሚወስዱ ፒኤች ከፍ ይላል፤ ሌሊት ሁሉም ሲተነፍስ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድና ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ ሁለት ጊዜ መለካት ይገባል።

ጠጣርነት

ጠጣርነት በውኃው የሟሙት የካልሲየምና የማግኒዚየም መጠን ነው። ከእነርሱ ጋር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ባይካርቦኔት አሲዱን እየተቀበለ የፒኤችን መዋዠቅ ይገታል። ሁለቱም በሊትር ከ20 ሚሊግራም በታች ከሆኑ ውኃው መያዣ የለውም፤ ኩሬው ኖራ ያስፈልገዋል።

ምን እናድርግ?

1. አስቀድመን እንለካ። አፈሩ አሲዳማ በሆነበት ደጋ ኖራ ሊያስፈልግ ይችላል። በስምጥ ሸለቆ ግን እንደ ሻላና አብያታ ያሉ ሐይቆች ራሳቸው አልካላይ ናቸው፤ እንዲህ ባለ ውኃ ላይ ኖራ መጨመር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

2. ኖራውን እንለይ። ለኩሬ የሚሆነው የእርሻ ኖራ፣ ማለትም ሳይቃጠል የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ይህ ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ ፒኤችን ከ8.3 ገደማ አያሳልፍም። ለቀለም የሚውለው የተቃጠለ ኖራ ግን ውኃውን በአንዴ ከ11 በላይ ሊያደርሰው ይችላል።

3. ኩሬው ውኃ ሳይሞላ፣ በወለሉ ላይ እኩል እንበትን። ለ200 ካሬ ሜትር ኩሬ ከ20 እስከ 40 ኪሎግራም የመነሻ መጠን ነው፤ አፈሩ እጅግ አሲዳማ ከሆነ የግብርና ባለሙያ አስመርምሮ መጨመር ይቻላል።

4. ማዳበሪያና ኖራ በአንድ ጊዜ አንጨምር፤ ኖራው ፎስፌቱን ይይዘዋልና። ቢያንስ ሁለት ሳምንት እናቆይ።

5. ውኃ ያለማቋረጥ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ኩሬ እንቆጣጠር፤ ኖራው በፈሳሹ ታጥቦ ይሄዳል።

ዓሣው ከገባ በኋላ ፒኤች ቢዛባ በችኮላ አናስተካክል፤ ድንገተኛ ለውጥ ከመጀመሪያው ችግር ይልቅ ሊገድል ይችላል። በተለይ ፒኤች በጣም ሲጨምር ከዓሣው ኩስ የሚወጣው አሞኒያ መርዛማነቱ ይበረታል።

እንግዲህ የሰበካ ጉባኤ የልማት ክፍሎች አንድ የመለኪያ ወረቀትና አንድ መዝገብ ያዘጋጁ፤ የተለካውንም ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ይጻፉ። ኖራው ከመገዛቱ በፊት መዝገቡ ይነበብ።