የምድር ባቡር ጣቢያን ቤት በትንሽ አምሳያ ስለ መሥራት

ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። የሐዲዱም ስፋት 1 ሜትር ነበረ። በ2009 ዓ.ም. ሐዲዱ ከዚህ የሚሰፋ አዲስ መስመር ተመረቀ፤ ከአሮጌው መስመር ጣቢያዎችም ብዙዎቹ ባቡር የማያልፍባቸው ኾነው ቀሩ። ቤት ያለ ጠባቂ ሲቀር ቆርቆሮው ይነቀላል፥ ግንቡም ይፈርሳል፤ ከፈረሰ በኋላ በሩ ምን ያህል ይሰፋ እንደ ነበረ የሚናገር አይገኝም። ስለዚህ በጣቢያ አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት ቤቱን በልጆቹ አስለክቶ አምሳያውን ቢያሠራቸው፥ ሒሳብንና የእጅ ሥራን ያስተምራል፤ ለአገሩም መታሰቢያ ያቆያል።

የዚህ ሥራ መሠረቱ ልክ ነው። በጀርመን አገር የሜርክሊን ፋብሪካ በ1891 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የመጫወቻ ባቡሩን ሐዲድ ስፋት በቍጥር ለይቶ ወሰነ። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት ልክ ከ87 እጅ አንድ እጅ ነው። እንግዲህ በእውነተኛው ቤት የተለካው ኹሉ ለ87 ይካፈላል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ74 ሳንቲ ሜትር የኾነ ሰው 2 ሳንቲ ሜትር ይኾናል፤ 2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር የኾነ በር 24 ሚሊ ሜትር፥ 12 ሜትር የሚረዝም ግድግዳ 138 ሚሊ ሜትር ይኾናል። አንዱን ክፍል ለክቶ ሌላውን በዐይን ግምት የሚሠራ ግን ሰው የማይገባበት በር ያወጣል።

ልኩ ከተጻፈ በኋላ እያንዳንዱ ግድግዳ በወፍራም ካርቶን ላይ በእርሳስ ይነደፋል። ካርቶኑም በብረት ማስመሪያ ጥግ በምላጭ ይቈረጣል፤ አንድ ጊዜ በኀይል ከመጫን ቀስ እያሉ መደጋገም ይሻላል፤ መምህሩም ከአጠገብ አይለይ። በርና መስኮት ግድግዳው ሳይገጠም ይውጣ፤ ከተገጠመ በኋላ የሚቈርጥ ሰው ግድግዳውን ያጎብጠዋልና። በውስጥ በኩል በየማዕዘኑ ቀጭን እንጨት በኮላ ቢለጠፍ ቤቱ ሳይዛነፍ ይቆማል። ለጣራው ቀጭን የብር ወረቀት ጥርሱ በቀጠነ ማበጠሪያ ላይ ተጭኖ ቢታሽ የቆርቆሮውን ቦይ ይመስላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በማጠናቀቂያው ነው። ካርቶን ውሃ ሲነካው ይጣመማልና አስቀድሞ በውስጥም በውጭም ቀለም ይቀባ። የሚያብለጨልጭ ቀለም ቤቱን መጫወቻ ያስመስለዋል፤ ስለዚህ ቀለሙ የፈዘዘ ይኹን። ትንሽ ነገር ለዐይን ጠቍሮ ይታያልና ከእውነተኛው ጥቂት ይንጣ። ከደረቀ በኋላ በውሃ የቀጠነ ጥቍር ቀለም ከላይ ወደ ታች ቢፈስበት በየስንጥቁ ገብቶ ጥላ ይሰጣል። ዝገት ከምስማሩ በታች፥ ጥቀርሻ ባቡሩ በሚቆምበት ወገን፥ አቧራ በግድግዳው እግር ይቀመጣል። ምክንያት የሌለው እድፍ ግን ቤቱን ማቆሸሽ ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ ልጁ ወደ እውነተኛው ጣቢያ ተመልሶ ዝናቡ በየት እንደ ወረደ መመልከት አለበት።

በመጨረሻ የቤቱ ስም፥ የተለካበት ቀንና እውነተኛው ልክ ከአምሳያው በታች ይጻፍ። ሽማግሌዎችም ተጠርተው የቲኬቱን መስኮትና የዕቃውን ክፍል ያሳዩ፤ ልጆቹም የነገሯቸውን ይጻፉ። ግንቡ ቢፈርስ እንኳ እንደ ገና ሊያቆመው የሚወድ ሰው ከዚህ ልኩን ያገኛል።